የአፈሩ ምስክርነት

እ.ኤ.አ. በ1900 በምዕራብ ፈረንሳይ፣ ከናንት ከተማ አጠገብ ክሌዮን በተባለ ስፍራ፣ ከመሬት ከወጣ የጥንት ገንዘብ መካከል አንዲት ሳንቲም የሊቃውንቱን ቀልብ ሳበች። በፊቷ ላይ ጨረር የተሰካበት አክሊል የደፋ ጢማም ሰው ይታያል፤ በዙሪያው የተቀረጸው ስም ዶሚቲያኑስ ይላል። በዚህ ስም የተጠራ አንድ የጦር አዛዥ በሦስተኛው መቶ ዘመን የሮም ታሪክ ውስጥ በጨረፍታ ተጠቅሷል፤ ዙፋን ላይ ወጥቶ በስሙ ገንዘብ ማሳተሙን የሚያስረዳ ሌላ ማስረጃ ግን አልነበረም። ስለዚህ ብዙዎቹ ሳንቲሟን ሐሰተኛ አሏት። መቶ ዓመት ያህልም በናንት ሙዚየም ውስጥ ያለ ክብር ተቀመጠች። እ.ኤ.አ. በ2003 እንግሊዝ አገር፣ በኦክስፎርድሻየር ቻልግሮቭ በምትባል መንደር አቅራቢያ፣ ብረት ጠቋሚ መሣሪያ ይዞ እርሻ የሚያስስ ሰው ወደ 5,000 የሚጠጉ ሳንቲሞች የታጨቁበት ማሰሮ አገኘ። ሳንቲሞቹ በዝገት ተጣብቀው እንደ ድንጋይ ደርቀው ነበርና ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ተላኩ። ባለሙያዎቹ አንድ በአንድ ሲያላቅቋቸው ከመካከላቸው ሌላ ዶሚቲያኑስ ብቅ አለ። ሁለቱ ሳንቲሞች ሲተያዩ ከአንድ የማተሚያ ቅርጽ የወጡ እኅትማማች ሆነው ተገኙ።

በዚያን ጊዜ በናንቷ ሳንቲም አካል ላይ የተለወጠ ነገር የለም። ክብደቷ ያው ነው፤ ብረቷ ያው ነው፤ የጢማሙ ሰው ገጽታም ያው ነው። መቶ ዓመት ሙሉ በመዳፍ ላይ ተገላብጣ፣ በአጉሊ መነጽር ታይታ፣ ተመዝና፣ ስለ ራሷ ማስረዳት ያልቻለችውን ነገር ከባሕር ማዶ የመጣች እኅቷ አስረዳችላት። የመጀመሪያዋም ከክምችት ወጣች ተብሎላት ነበር፤ ያ ግን የሰው ቃል ነበርና የሚጠራጠር ሰው ቃሉን መልሶ የሚፈትንበት ነገር አልቀረለትም። ሁለተኛዋን ከጎረቤቶቿ ጋር ያጣበቃት ዝገት ግን ሰው በቃሉ የሚያመጣው ነገር አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚህ ይነሣል። አንድ አሮጌ ሳንቲም እውነተኛ ነው ስንል የምንናገረው ስለ ብረቱ ጠባይ ሳይሆን ስለ መጣበት መንገድ ነው፤ መንገዱን ደግሞ ብረቱ ብቻውን አይናገርም። ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ሳንቲሙ የወጣበት አፈር ሆኖ ሳለ፣ አግኚው ሳንቲሙን ኪሱ ከትቶ የሚደፋው ያንኑ አፈር ነው።

ተቃራኒውን ጉዳይ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1713 ዛሬ ሩማንያ ውስጥ ካለችው ከትራንሲልቫንያ ጥቂት የወርቅ ሳንቲሞች ተገኙ ተባለና ቪየና ለነበሩ የቤተ መንግሥት ሰብሳቢዎች ደረሱ። ከመካከላቸው ስፖንሲያን የሚል ስም የያዙ ነበሩ። በዚህ ስም የሚታወቅ የሮም ገዥ የለም። ሳንቲሞቹ እንደ ሌሎቹ የሮም ገንዘቦች በመዶሻ የተመቱ ሳይሆኑ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሱ ናቸው፤ በአንደኛው ገጻቸው ያለውም ሥዕል ስፖንሲያን ኖረ ከሚባልበት ዘመን አራት መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ ከነበረ የሮም ሪፐብሊክ ዲናር የተቀዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ፈረንሳዊው የሳንቲም ሊቅ ሄንሪ ኮኸን በንቀት አጣጣላቸው፤ ከዚያ ወዲህ ስፖንሲያን የሐሰተኛ ሥራ ምሳሌ ሆኖ ኖረ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ግን በለንደኑ ተመራማሪ በፖል ፒርሰን የሚመራ ቡድን በግላስጎው ሃንቴሪያን ሙዚየም ያሉትን ሳንቲሞች በማይክሮስኮፕ መርምሮ የተለየ ነገር ተናገረ። የወርቁ ገጽ ረጅም ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሚመጣ ጥልቅ መፋቅ ይታይበታል፤ በላዩም ከመሬት በታች ሲቆይ የተጋገረ የሚመስል ደለል አለ። ስለዚህ ስፖንሲያን ምናልባት በ260ዎቹ ከመሀል አገር በተቆረጠችው የሮም አውራጃ በዳሲያ የተነሣ አዛዥ ነው፤ ወታደሮቹ የሚከፈላቸው ቢያጣ ባገኘው ወርቅ እንደ ነገሩ አሠርቶ ይሆናል አሉ። ሌሎች የሳንቲም ሊቃውንት አልተቀበሉም። መፋቅ በእጅ ሊሠራ ይችላል፤ ደለልም የጥንት መሆኑ አልተረጋገጠም፤ የጽሑፉና የሥዕሉ እንግዳነትም እንዳለ ነው ብለው መለሱ።

የሁለቱ ጉዳዮች ልዩነት ትምህርት ሰጪ ነው። ስለ ስፖንሲያን የቀረበው የላቦራቶሪ ማስረጃ ስለ ዶሚቲያኑስ ከቀረበው እጅግ የበዛ ነው፤ ሆኖም ክርክሩ አልተዘጋም። ዶሚቲያኑስን ለማጽደቅ ያን ያህል መሣሪያ አላስፈለገም፤ ማሰሮው በቃ። በ1713 ስፖንሲያንን ከመሬት ያወጣው ሰው የቆፈረበትን ቦታ፣ ከጎኑ የነበረውን የሸክላ ስባሪ፣ ጥልቀቱን፣ የአፈሩን ቀለም ለማንም አልተወም። ዛሬ ተመራማሪዎቹ በወርቁ ስንጥቅ ውስጥ የቀረችውን የአፈር ቅንጣት በማይክሮስኮፕ የሚፈልጉት ያን የጠፋ ጉድጓድ ከፍርፋሪው መልሰው ለማግኘት ነው። የላቦራቶሪው ድካም ራሱ የአፈሩን ዋጋ ይመሰክራል።

ብረቱን መመርመር ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ምርመራ ታላቅ ኃይል አለው፤ ኃይሉ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ሐሰተኛውን ያጋልጣል፤ እውነተኛውን አያጸድቅም። ምሳሌ እንውሰድ። የማሪያ ቴሬዛ ብር 28.07 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺው 833 እጁ ንጹሕ ብር፣ ቀሪው መዳብ ነው። በክር አንጠልጥሎ ውሃ ውስጥ የሚመዝነው ሰው ክብደቱ በ2.75 ግራም ገደማ ሲቀንስ ያያል። ልዩነቱ ከዚያ በጣም ከራቀ ውስጡ ሌላ ብረት ነው፤ ፍርዱም የማያዳግም ነው። ነገር ግን ልክ ቢመጣስ? ልክ የመጣው ሳንቲም ትክክለኛ ቅይጥ አለው ማለት ነው እንጂ መቼና በማን እጅ እንደተመታ አልተናገረም። ብሩን ከሌላ አሮጌ ብር አቅልጦ ማግኘት ይቻላልና። በወርቅ ላይ ደግሞ ይህ የውሃ ምርመራ እንኳ ይሸነፋል፤ ተንግስተን የሚባለው ብረት የጥግግት ልኩ ከወርቅ ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ በወርቅ የተለበጠ ተንግስተን ሚዛኑን ያልፋል። በኤክስሬይ ጨረር ቅይጥን የሚለካው መሣሪያም የሚያየው ላይ ላዩን ነው፤ ብዙ ዘመን አፈር ውስጥ የተቀበረ የብር ሳንቲም ደግሞ መዳቡ ከገጹ ታጥቦ ስለሚሄድ፣ ላዩ ከውስጡ የጠራ ብር ሆኖ ይገኛል።

ስለ አሠራሩ ምልክቶችም እንዲሁ ነው። አንጥረኛ ጌጡን በሰም ይቀርጻል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ሰሙን አቅልጦ ያፈስስና በባዶው ቦታ ወርቅ ይሞላል። ቅኔያችን ሰምና ወርቅ የሚለውን ስሙን የተዋሰው ከዚህ ሥራ ነው። በቅኔ የሚመሰገነው ይህ ጥበብ ሳንቲም ላይ ሲታይ የጥርጣሬ ምክንያት ይሆናል። የሮምም ሆነ የአክሱም ገንዘብ በሁለት ቅርጾች መካከል ተደርጎ በመዶሻ የሚመታ ነውና፣ ገጹ ላይ የአየር ቀዳዳዎች ከታዩ፣ ፊደሎቹ ጠርዛቸው ከለሰለሰ፣ ጠርዙ ላይ የስፌት መስመር ካለ፣ አንድ ሰው ከእውነተኛ ሳንቲም ላይ ቅርጽ አንሥቶ አፍስሶታል ማለት ነው። ሆኖም ቻይናውያን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ገንዘባቸውን ያፈሰሱት እንጂ የመቱት አይደለም። የማፍሰስ ምልክት ሐሰተኛነትን የሚያሳየው የዚያ ዘመንና የዚያ አገር ሰዎች አያፈስሱም ነበር የሚል ዕውቀት ቀድሞ ካለን ብቻ ነው። ያ ዕውቀት ከየት መጣ? ቦታቸው ከታወቀ፣ ከተመዘገበ ቁፋሮ ከወጡ ሳንቲሞች። እርጅናም ቢሆን ይሠራል። እ.ኤ.አ. ከ1772 እስከ 1830 የኖረው ጀርመናዊ ካርል ቪልሄልም ቤከር የጥንት የግሪክና የሮም ሳንቲሞችን ቅርጽ በገዛ እጁ እየቀረጸ ይመታ ነበር፤ አዲሱን ሥራውንም የብረት ፍቅፋቂ በሞላበት ሣጥን ከሠረገላው ሥር አስሮ በመንገዱ መንገጫገጭ ያስረጀው ነበር። የሠረገላ መንገድ የሰጠውን መፋቅ፣ የገበያ እጅ ከሰጠው መፋቅ የሚለይ ዓይን ሁልጊዜ አይገኝም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ከባዱም እርሱ ነው። ሁለት ሳንቲሞች በምንም ምርመራ ካልተለዩ፣ አንዱ እውነተኛ ሌላው ሐሰተኛ ነው ማለት ምን ትርጉም አለው? ልዩነት የማያመጣ ልዩነት ባዶ ቃል አይደለምን? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት በአገራችን ሰዎች እጅ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ከተዘዋወረው ከጠገራ ብር የተሻለ መምህር አላውቅም።

በጠገራ ብር ላይ መልኳ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1780 አረፈች። ሳንቲሟ ግን ያንኑ 1780 የሚል ቁጥር እንደያዘች እስከ ዛሬ ትመታለች፤ ጠቅላላ ቁጥሯ ከ300 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ከምስሏ በታች ያሉት «ኤስ» እና «ኤፍ» የተባሉት ሁለት የላቲን ፊደሎች በጊንዝቡርግ የማተሚያ ቤት ሹሞች የነበሩት የሾብልና የፋቢ ስሞች መነሻ ናቸው፤ ሁለቱም ሰዎች ከሞቱ፣ ማተሚያ ቤቱም ከተዘጋ በኋላ ፊደሎቹ ቀሩ። ኦስትሪያ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1858 ለአገር ውስጥ መገበያያነት ስታስቀራት፣ ለቀይ ባሕር ንግድ ግን መምታቷን አላቆመችም። ጣሊያን ኢትዮጵያን ሊወርር ሲዘጋጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ቅርጾቹን ከቪየና ወስዶ ሮም ላይ ይመታ ጀመር፤ ገበያው በጣሊያን እጅ እንዳይወድቅ የሠጉት እንግሊዞች ደግሞ ከ1936 ጀምሮ ለንደን ላይ መቱ፤ ፓሪስና ብራስልስም መቱ። እንግዲህ በለንደን የተመታችው ብር እውነተኛ ናት ወይስ ሐሰተኛ? የያዘችው ዓመት ሐሰት ነው። የምትጠራት ንግሥት የለችም። የመታትም መንግሥት የንግሥቲቱ ወራሽ አይደለም። ሆኖም ብሯ ሙሉ ናት፤ ክብደቷ ሙሉ ነው፤ ጠርዟ ላይ ያለው ፍትሕና ምሕረት የሚለው የላቲን ጽሑፍ ሳይጎድል ተቀርጿል። ነጋዴው በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን የጌጥ ነጥብ ቆጥሮ፣ ወርውሮ ድምፅዋን ሰምቶ ተቀበላት። አልተታለለም፤ የፈለገውን ብር አግኝቷልና። ዳግማዊ ምኒልክ በገዛ መልካቸው ያሳተሙት ብር እንኳ ከዚያች የባዕድ ንግሥት ጋር ብዙ ታግሏል። የገንዘባችን ስም ዛሬም ብር መባሉ፣ ሰው ያመነው በመጀመሪያ ብረቱን እንደነበረ ያስታውሰናል።

እዚህ ላይ ቃሉ ራሱ ይረዳናል። በገበያ ቋንቋ «ዋናው ነው ወይስ ፎርጅድ?» ይባላል፤ በመጽሐፍ ቋንቋ ደግሞ ሐሰተኛ እንለዋለን፤ ሐሰተኛ ግን የሚናገር ሰው ነው። ሳንቲም አይናገርም፤ ሰው ግን ሳንቲሙን አሳይቶ ይናገራል። ለንደን ላይ የተመታችውን ብር አንድ ነጋዴ «ሙሉ ብር ናት» ብሎ ቢሰጥ እውነት ተናገረ። ያችኑ ብር አንድ ሻጭ «በ1780 ጊንዝቡርግ የተመታች ናት» ብሎ ለሰብሳቢ ቢሸጥ ሐሰት ተናገረ። ብሯ አንድ ናት፤ የተለያየው የቀረበባት ጥያቄ ነው። ስለዚህ «እውነተኛ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ግማሽ ጥያቄ ነው፤ «የምን እውነተኛ?» ሲባል ነው የሚሞላው። የሮም ዘመን ነገርም ይህንኑ ያጸናል። ዶሚቲያኑስ በነበረበት ዘመን፣ በ270ዎቹና በ280ዎቹ፣ በብሪታንያና በጎል የሮምን ሳንቲም በድፍረት እያስመሰሉ የሚመቱ ብዙዎች ነበሩ። ዛሬ በመሣሪያ ከእንግሊዝ እርሻ የሚወጡት እነዚህ ጥቃቅን ሳንቲሞች፣ እንደ ንጉሠ ነገሥት ገንዘብ ሐሰተኞች፣ እንደ ሦስተኛው መቶ ዘመን ቅርስ ግን ያለ ጥርጥር እውነተኞች ናቸው። በዚያ ዘመን የዝርዝር ገንዘብ እጥረት እንደነበረ የሚነግሩንም እነርሱ ናቸው።

የአቴና ሰዎች ይህን በሕግ አስተውለውት ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ375 ዓመት ገደማ የወጣውና እ.ኤ.አ. በ1970 በአቴና የጥንት ገበያ ቁፋሮ በድንጋይ ላይ ተጽፎ የተገኘው የኒኮፎን ሕግ፣ በመንዛሪዎች ጠረጴዛ መካከል የሚቀመጥ አንድ የሕዝብ ባሪያ የቀረበለትን ብር እንዲፈትን ያዝዛል። ውስጡ መዳብ ወይም እርሳስ ሆኖ የተገኘውን ወዲያው ቆርጦ ለአማልክት እናት መቅደስ እንዲሆን ያስረክባል። የአቴናን ምልክት ይዞ በባዕድ አገር የተመታውን ግን ላመጣው ሰው ይመልስለታል። አልቆረጠውም፤ አላጸደቀውምም። ያ ባሪያ በሁለት ፍርድ መካከል ሦስተኛ ስፍራ ነበረው፤ ብዙ የዛሬ ተከራካሪዎች የጎደላቸው ይህ ስፍራ ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞው ልመለስ። ፍጹም አስመስሎ የተሠራ ሳንቲም ለነጋዴው ልዩነት ላያመጣ ይችላል፤ ነጋዴው የሚጠይቀው ስለ ብሩ ነውና። የታሪክ ተማሪው ግን ሳንቲሙን የሚፈልገው ምስክር እንዲሆንለት ነው። ምስክር ቦታው ላይ የነበረ መሆን አለበት። ቦታው ላይ ያልነበረ ሰው፣ ከነበረው ሰው ጋር ቃል በቃል የሚገጥም ነገር ቢናገር እንኳ ምስክር አይሆንም፤ የሰማውን ደጋሚ ነው። ፍጹም የሆነው ቅጂ የሚነግረን ቀጂው ስለ ጥንቱ ሰው ያወቀውን ብቻ ነው፤ ቀጂው ካላወቀው አንዲት ነገር ሊጨምርልን አይችልም። እውነተኛው ግን ማንም ያላሰበውን ነገር ይዞ ሊመጣ ይችላል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ኔልሰን ጉድማን ስለ ሥዕል ሲጽፍ፣ ዛሬ በዓይን የማይለይ ነገር ነገ ሊለይ ስለሚችል ልዩነት መኖሩን ማወቅ ራሱ ዛሬ አስተያየታችንን ይለውጣል ብሎ ተከራክሯል። እኔ ከዚያም አልፌ፣ ነገም ባይለይ ልዩነቱ አለ እላለሁ፤ የቦታና የጊዜ ልዩነት እኛ ባናየውም ሆኗልና።

ሌላው ተቃውሞ ከባለሙያዎች የሚመጣ ነው። አርባ ዓመት ሳንቲም ሲያገላብጥ የኖረ ሰው በአንድ እይታ ይለያል፤ አፈርና ጉድጓድ ምን ያስፈልገዋል? ይህን ዓይን አከብራለሁ። ነገር ግን ዓይኑ ከምን ተማረ ብለን እንጠይቅ። ትክክል ናቸው ተብለው ከታመኑ ብዙ ሳንቲሞች ነው የተማረው፤ እነዚያም የታመኑት ከታወቀ ቦታ በመውጣታቸው ወይም ከታወቀ ቦታ ከወጡት ጋር በመመሳሰላቸው ነው። የባለሙያው ዓይን ከአፈሩ የተበደረውን ያበድራል። ለለመደው ነገር ፈጣንና አስተማማኝ ነው፤ ከዚህ በፊት ታይቶ የማያውቅ ነገር ሲመጣ ግን፣ ዓይኑ ምሳሌ ስላጣ ሐሰተኛ ማለቱ አይቀርም። በናንት የሆነው ይኸው ነው።

ሦስተኛውን ተቃውሞ ቀላል አድርጌ አላየውም። በዓለም ሙዚየሞች ካሉት የጥንት ሳንቲሞች እጅግ ብዙዎቹ ከየት ጉድጓድ እንደወጡ አይታወቅም። አፈሩ ካልመሰከረ አንቀበልም ካልን፣ ያለንን ዕውቀት አብዛኛውን እንጥላለን። መልሱ በዝምድና ውስጥ ይገኛል። አንድ የማተሚያ ቅርጽ ብዙ ሺህ ሳንቲም ይመታል፤ እየተመታ ሲሄድም ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም በሚቀጥሉት ሳንቲሞች ላይ ይታያል። ስለዚህ ሊቃውንቱ ሳንቲሞችን እንደ ዘር ቆጣሪ ሽማግሌ ያዛምዳሉ፤ ይህ የዚያ ወንድም ነው፤ ያ ደግሞ በኋላኛው ገጹ የዚህ የአጎት ልጅ ነው ይላሉ። ከዘመዶቹ አንዱ ቦታው ከታወቀ ማሰሮ ከወጣ፣ የቀሩት በእርሱ ይጠለላሉ። ቅርጹ የተለየ፣ ዘመድ አልባ ሳንቲም ግን ጥላ የለውም። እንዲህ ያለው ሳንቲም እውነተኛ ከሆነ ከሁሉ ይልቅ ውድ ዕውቀት ያመጣል፤ ስለዚህም ሐሰተኛ ሠሪዎች የሚመኙት እርሱን ነው። ብርቅ በሆነ መጠን ማስረጃው መጽናት አለበት፤ ገበያው ግን ከዚህ ተቃራኒ ይሄዳል፤ ብርቅ በሆነ መጠን ስለ መውጫው የሚጠይቀው ያንሳል።

ይህ ለእኛ የሩቅ ነገር አይደለም። ከእንዱቢስ ጀምሮ፣ ከሦስተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አንሥቶ፣ የአክሱም ነገሥታት በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ገንዘብ መትተዋል። ኢዛና ክርስትናን መቀበሉን ከምናውቅባቸው ማስረጃዎች አንዱ በሳንቲሙ ላይ የነበረው ጨረቃና ክብ ምልክት ወርዶ መስቀል መተካቱ ነው። ከዚህም ይልቅ የሚያሳስበው፣ ከነገሥታቱ ብዙዎቹ፣ እንዱቢስ ራሱም፣ ከሳንቲማቸው በቀር ሌላ ምስክር የሌላቸው መሆኑ ነው። ሳንቲሙ ከሌለ ንጉሡ የለም። በመላው ዓለም ያለ የሮም ታሪክ ስፖንሲያንን ቢያጣ ወይም ቢያገኝ ብዙ አይናወጥም፤ ጽሑፉ፣ ሐውልቱ፣ ሕጉ ሞልቷልና። የአክሱም ታሪክ ግን የነገሥታቱን ስምና ቅደም ተከተል በአብዛኛው የሚያቆመው በእነዚህ ጥፍር በሚያህሉ ቁርጥራጮች ላይ ነው። አንድ ሐሰተኛ የአክሱም ወርቅ ወደ ዝርዝሩ ከገባ ያልነበረ ንጉሥ ሊነግሥ ይችላል፤ አንድ እውነተኛ ሳንቲም ቦታው ሳይታወቅ በድብቅ ከተሸጠ ደግሞ የነበረ ንጉሥ እንደ ናንቱ ዶሚቲያኑስ በጥርጣሬ ይቀመጣል። በየመን አል መዳሪባ በተባለ ስፍራ ከሺህ የሚበልጡ የሮምና የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች በአንድነት መገኘታቸው ታላቅ ነገር የሆነው በወርቁ ብዛት አይደለም፤ የሁለቱ መንግሥታት ገንዘብ በአንድ ጊዜ በአንድ ሰው እጅ እንደነበረ በማሳየቱ ነው። ያ ክምችት ተበታትኖ በየሱቁ ተሽጦ ቢሆን ኖሮ፣ እያንዳንዱ ሳንቲም እውነተኛ ሆኖ ሳለ፣ አንድ ላይ የሚናገሩት ግን ይጠፋ ነበር።

በአገራችን የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በድንገት ያገኘ ሰው ጠብቆ እንዲያቆይና ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ይህ ሕግ ለብዙ ሰው ንብረትን የሚመለከት ይመስላል፤ ሳንቲሙ የማን ነው የሚል ጥያቄ። እኔ ግን በመጀመሪያ የማወቂያ ሕግ አድርጌ አነበዋለሁ። ብረት ጠቋሚ መሣሪያውን መውቀስም አልፈልግም። ቻልግሮቭ ላይ ማሰሮውን ያገኘው መሣሪያው ነው፤ ሳይገኝ ቢቀር ማረሻ ይሰብረው፣ ማዳበሪያ ያዝገው ነበር። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በእርሻ ላይ የተገኙ ነገሮችን ከነቦታቸው የሚመዘግበው አሠራር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዕቃዎችን መዝግቧል፤ አብዛኞቹን ያመጧቸውም እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚይዙ ሰዎች ናቸው። ጥፋቱ የሚጀምረው መሣሪያው ከጮኸ በኋላ ባለችው ደቂቃ ነው። ያን ጊዜ የሰው እጅ ወደሚያብረቀርቀው ነገር ይሮጣል። ያብሰዋል፤ በሎሚ ያጥበዋል፤ በአሸዋ ይፈትገዋል፤ ከዚያም «እውነተኛ ነው ወይ?» ብሎ ለሚያውቅ ሰው ያሳየዋል። ሊመልስለት ይችል የነበረው ግን ታጠበና ፈሰሰ፤ ጉድጓዱም ተደፈነ።

ቻልግሮቭ ላይ ያ ማሰሮ ከነዝገቱ ሙዚየም ባይደርስ ኖሮ፣ ያገኘው ሰው ሳንቲሞቹን ቤቱ ወስዶ በአሲድ አላቅቆ አንድ በአንድ ሸጧቸው ቢሆን ኖሮ፣ ዶሚቲያኑስ የሚል ሁለተኛ ሳንቲም አንድ ቀን ጨረታ ላይ መውጣቱ አይቀርም ነበር። ከናንቷ ጋር ከአንድ ቅርጽ መውጣቷም ይታወቅ ነበር። ሊቃውንቱም ምናልባት አንድ ሐሰተኛ ሠሪ ሁለት መታ ብለው ከመጀመሪያዋ ጎን ያስቀምጧት ነበር፤ ሁለቱም አፈሩን ይዛ የምትመጣ ሦስተኛ እኅት እየጠበቁ።